ተረከዝ

ሻርጃ፣ አርብ ማታ፣ ከመጋዘኖቹ ኋላ፣
ባሕሩ የላከው ወበቅ አየሩን ሲሞላ፣
አራት የመብራት ምሰሶ ጠጠሩን ሲያነጣ፣
ነፋስ ከኖራው መስመር ድርሻውን ሊቆርስ ሲመጣ፣
ጎንበስ እላለሁ፤
ከኪሴ ብሩሽ አውጥቼ ቤቱን እጠርጋለሁ።

"ቤት" ነው የሚባለው፣ አምስት ጠርዝ ያለው ነጭ ጎማ፤
ልጅ ዞራ ዞራ ስትረግጠው፣ እልልታው እስከ መንገድ የሚሰማ።
ስድስት ቀን የማዳም ሪማን ቤት እጠርጋለሁ፣
በሰባተኛው ይህን፤ እዚህ ግን ዳኛ ነኝ፣ እፈርዳለሁ።

አራት ዓመት ውኃ ተሸክሜ ከአጥሩ ሥር ቆሜያለሁ፤
የሕጉን መጽሐፍ በሥዕሉ፣ በጥፍሬ እየተከተልኩ አንብቤያለሁ።
የፊተኛው ዳኛ ለእረፍት ማኒላ ሲሄድ፣
"ከሉባባ በቀር ሕጉን የሚያውቅ አለ?" አለ አሠልጣኝ ሬናልዶ፤ ጠፋ ወንድ።
ጭንብሉ ሰፋኝ፤ በሻሼ ላይ አሰርኩት፣
መቁጠሪያዋን በግራ እጄ እንደ ሙስበሃ ጨበጥኳት።

ስትራይክ ከብብት እስከ ጉልበት ነው፤ ለረጅሟ በቁመቷ፣
ለደቃቃዋም በልኳ፤ እያንዳንዷ የራሷን መስኮት ይዛ ነው መምጣቷ።

የመጨረሻው ዙር። ሁለት ወጥተዋል። በአንድ ነጥብ ተበልጠናል።
"ተበልጠናል" አልኩ እንዴ? ዳኛ ወገን የለው፤ ምላስ ግን ያመልጣል።
ሦስተኛው ቤዝ ላይ ዳንያ አለች፣ የማዳም ልጅ፤
ጠዋት የጫማዋን ክር ያሰረላት ይኸው የእኔ እጅ።

ሕጉ አጭር ነው፦ ኳሱ የወርዋሪዋን መዳፍ ሳይለቅ፣
ሯጭ ቤዟን እንዳትለቅ።
ሁለተኛ ዳኛ የለን፤ አንዱ ዓይኔ እዚያ፣ አንዱ እዚህ።
ክንድ ዞረ። ኳሱ ገና ከጣት ላይ፣ ገና ከጣት፤
የዳንያ ተረከዝ ተነሣ፤ የሳንቲም ውፍረት።

ማንም አላየ። መቺዋ መታች፤ ኳሱ በረረ፣
ሰዉ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨፈረ።
ዳንያ በአቧራው ተንሸራታ የጠረግኩትን ቤት ነካች፤
ቀና ብላ ወደ ጭንብሌ፣ በሽቦ በታሰረ ጥርሷ ሳቀች።

ቀኝ እጄ ግን ከዱላው ድምፅ በፊት ተነሥቶ ነበር፤
"ኳሱ ሞቷል! ሯጯ ወጥታለች!" አልኩ፣ ድምፄ መሐል ላይ ሲሰበር።

ያኔ ሆነ ጩኸት፦ "ምን አየች?" "ማን ናት?" "የሪማ ሠራተኛ!"
"ደግሞ ማን አደረጋት ዳኛ?"
ማዳም ሪማ አልጮኸችም። መነጽሯን አወለቀች፣
አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።
ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ብርጭቆ ሲሰበር ይመጣል።
ውሌ ደግሞ በሚያዝያ ያልቃል።

በእኛ አገር፣ ዱላ ወደ ላይ ያነሣ ሰው
ሕፃን "በሕግ አምላክ!" ቢለው
ይቆማል፤ እጁ አየር ላይ ይደርቃል።
አባቴ በፍርድ የሄደች በቅሎውን ወዲያው ረሳት፤
ያለ ፍርድ የተነጠቃት ጭብጦ ግን ቆጨችው፣ በየሠርጉ አነሣት።
"በሕግ አምላክ"ን በዓረብኛ ምን እላለሁ?
መጽሐፉን ከፍቼ ገጹን በጣቴ አሳየሁ።
ሬናልዶ አነበበ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ዝም።
"ልክ ነሽ" አላለም። "ተሳስተሻል"ም አላለም።
ነጥቡ ተሰረዘ።

መኪናው ውስጥ እኔ ከኋላ፣ ከጓንትና ከዱላው ከረጢት ጋር፤
ዳንያ ከፊት፣ ግንባሯ መስታወቱ ላይ።
ማዳም ሬዲዮኑን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከፈተች፣ ዘጋች፤
እስከ አል ቃሲሚያ አንድ ቃል አልወጣት፣ አልተቆጣች።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፤ ሳህን አጥባለሁ፤
ከኮሪደሩ ዱብ፣ ዱብ የሚል እሰማለሁ።
ዳንያ ናት፤ ተረከዟን በሰድሩ ስፌት ላይ አስተካክላ፣
የተጠቀለለ ካልሲ በግራ እጇ አንጠልጥላ።
"ከቀደምኩ ንገሪኝ" አለች፤ "እንደ ሜዳው ዳኚኝ።"
ካልሲው ተወረወረ። ሮጠች።
"ቀድመሻል።"
"አሁንስ?"
"አሁንም።"
ከእጄ የሳሙና ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤
የእናቷ መብራት አልጠፋም፣ በበሩ ሥር ይታያል።
ዳንያ ተመለሰች፤ ሰድሩን በመዳፏ ጠረገች፣
ተረከዟን እንደገና አኖረች።